ሰፈራችን ትንሹን ካሴት ለምን ጠላ

አያቴ አውቶቡስ ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ጡረታ ቢወጡም ሰፈሩ ከሥራቸው አላሰናበታቸውም። ሬዲዮም ይሁን ካውያ፣ የግድግዳ ሰዓትም ይሁን ምድጃ፣ አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ከሱቅ ሲመለስ መጀመሪያ እኛ በር ላይ ይቆማል። «አባባ ይዩልኝ» ይላል። አያቴ ዕቃውን ተቀብለው ያገላብጡታል፤ ሆዱን ያዩታል፤ ያሸቱታል። ከዚያ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ይላሉ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። አይሆንም የተባለ ዕቃ በዚያው ቀን ወደ መጣበት ይመለሳል።

ስለዚህ ሾፌሩ ሳጥኑን አምጥቶ ወለላችን ላይ ሲያስቀምጠው፣ አያቴ ጎንበስ ብለው እስኪያገላብጡት ጠበቅሁ። አልነኩትም። እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ቆሙ።

ሾፌሩ የጭነት መኪና ነጂ ነበር። አባቴ ከሚሠራበት የወደብ ከተማ ወደ እኛ ይመላለሳል። አባቴን የማውቀው በፎቶና በሾፌሩ አፍ ነው።

«ቪዲዮ ነው» አለ ሾፌሩ፣ ግንባሩን በክንዱ እየጠረገ። «ዴክ። ለልጁ ብሎ ነው የላከው። ትንሹን ካሴት የሚያጫውተው፣ አዲሱ።»

እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። የሰው መጋረጃ ነበር የምትሰፋው። አረንጓዴው ጨርቅ ከጉልበቷ ጀምሮ እስከ በሩ ተዘርግቷል።

«እሱስ ደህና ነው?» አሉ አያቴ።

«ደህና ነው። ሲከፈት ንገረኝ ብሎኛል።»

«ይቀመጥ።»

«ልክፈትላችሁ እንዴ? ቢላ ካለ አሁኑኑ...»

«ይቀመጥ አልኩህ እኮ።»

ሾፌሩ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። ሲወጣ እጁን ጭንቅላቴ ላይ አሳርፎ ቁመቴን ከበሩ መቃን ጋር አስተያየ።

«ጫማህ ስንት ቁጥር ነው፣ አንተ ጎበዝ?»

ነገርኩት። ደስ አለኝ። ከቪዲዮው ቀጥሎ ጫማ የሚላክልኝ መሰለኝ። ጫማው ግን የሚላክ አልነበረም። እዚያው ወደብ ከተማ፣ አልጋ ሥር ሆኖ እኔን የሚጠብቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ጨርቅ ከምትቆርጥበት ጠረጴዛ ሥር ተጋድሜ ነበር። መጋረጃው ጠረጴዛውን ስለሸፈነው አላዩኝም።

«ከተከፈተ አለቀ አባባ» አለች እናቴ።

«አውቃለሁ።»

«ብንመልሰውስ?»

«ብንመልሰውም አለቀ።»

«ታዲያ ምን ልናደርገው ነው?»

«ምንም። ሰበብ እንፈልግለታለን። ዕቃው አይሆነንም እንላለን። በሰው ላይ ከማላከክ በዕቃ ላይ ማላከክ ይሻላል፤ ዕቃ አይቀየምም።»

ብርጭቆ የሚሸጠው ሰውዬ ሱቅ ላይ «የተከፈተ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፎ ነበር። ማንበብ የለመድኩት በሱ ነው። በቃ፣ ገባኝ አልኩ። ሳጥኑ ከተከፈተ ሻጩ መልሶ አይቀበልም፤ የሚፈሩት ይህን ነው።

ነገሩን እናቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። አባቴ በወደቡ ከተማ ሌላ ቤትና ሌላ ሚስት ነበሩት። ከሷ ልጅ አልተገኘም። እኔን ፈለገ። አያቴ የሱ አባት ናቸው እንጂ የእናቴ አይደሉም፤ ሆኖም ምራታቸውንና እኔን ይዘው ልጃቸውን እንቢ አሉት። ብዙ ነገር ተመላልሶ፣ በመጨረሻ አባቴ በሾፌሩ አፍ እንዲህ ብሎ ላከ፦ ለልጁ ዴክ እልካለሁ። የከፈታችሁት ዕለት ልጁን ልትሰጡኝ ተስማማችሁ ማለት ነው። ከመለሳችሁት ፍርድ ቤት እንገናኝ።

እንግዲህ ሳጥኑ መከፈትም መመለስም አልነበረበትም። የወደቡ ትምህርት ቤት ምዝገባ እስኪዘጋ በሰበብ መቆየት ነበረበት። ምዝገባው ካለፈ ዓመቱ አለፈ፤ በዓመት ውስጥ ደግሞ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል ብለው ተስፋ አደረጉ። ለእኔ እንዳይነገር አያቴ አጥብቀው ከለከሉ። «ልጅ በእናቱና በአባቱ መካከል አይመርጥም። የመረጠ ልጅ ዕድሜ ልኩን አንዱን እንደበደለ ይኖራል» ብለው ነበር አሉ።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው ቤታችን ውስጥ ቪዲዮ እንዳለና ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሊከፍቱት እንደፈሩ ብቻ ነው። ፍርሃታቸውን ላስወግድላቸው ቆርጬ ተነሣሁ።

*

ሾፌሩ ተመልሶ ሲመጣ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ተከፈተ?»

«በምን ይከፈታል?» አሉ አያቴ። «እዚህ ትንሹን ካሴት ከየት እናመጣለን? ያለ ካሴት ዴክ ማለት ያለ በሬ ቀንበር ማለት ነው።»

ሾፌሩ ውሃ ተሰጥቶት ሲጠጣ እኔ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። በሩጫ ቪዲዮ ቤት ደረስኩ። ባለቤቱን ሪሞት ነበር የምንለው። ወፍራም ሰው ነው፤ ከወንበሩ ሳይነሣ መንገደኛውን ሁሉ ያዛል።

«ትንሹ ካሴት አለህ?» አልኩት።

«የለውም ያለህ ማነው? ና ግባ። ያንን አውርድ። እሱን አይደለም፣ ከጎኑ ያለውን። አቧራውን ጥረግ። በሩን ገፋ አድርግልኝ፣ ፀሐይ ገባ።»

መደርደሪያው ግማሹ በትልቁ፣ ግማሹ በትንሹ ካሴት ተሞልቷል። ሁለቱን ጉልበቱ ላይ ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ።

«ይኸውልህ። ትንሹ ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፤ የሰውዬው ጺም አንድ በአንድ ይታያል። ትልቁ ጭጋግ ቢጤ አለበት፤ ግን ረጅም ነው። ሠርግ ከነጭፈራው ይጨርሳል። ትንሹ ግን ሙሽሪት ከመኪና ሳትወርድ ያልቃል።»

«ታዲያ የቱ ይሻላል?»

«ሰው የያዘው ነዋ! ጎረቤትህ የሌለው ካሴት ምን ይሠራልሃል? አትዋዋስበት፣ አትለዋወጥበት።» ጎንበስ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «ሰፈሩ ገና አልቆረጠም። ፀጉር አስተካካዩ፣ ባለዳቦ ቤቱ፣ ሁሉም የሚጠብቁት አያትህን ነው። እሳቸው የከፈቱት ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ትንሹን ይገዛል። እኔም ልቤ ትንሹ ጋ ነው፤ እውነቴን ነው የምልህ። ሂድ አስከፍታቸው። ካሴት በነጻ ትወስዳለህ።»

ቤት ስደርስ ሾፌሩ ሊነሣ ሲል ነው።

«አባባ! አለ! ሪሞት ጋ መደርደሪያ ሙሉ አለ! በነጻ እሰጥሃለሁ ብሎኛል!»

የስፌት መኪናው ፔዳል ቆመ። አያቴ አዩኝ። ያንን አስተያየት አውቶቡስ ላይ ትኬት የሌለው ሰው የሚያዩበት አድርጌ ወሰድኩት፤ ምን እንዳጠፋሁ ግን አላወቅሁም። ሾፌሩ ሳቀ።

«እንግዲያውስ ተገኘ!»

አያቴ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሶኬት አዩ።

«መብራቱስ?» አሉ። «የዚህ ዕቃ መብራት ከኛው መብራት ጋር አይስማማም ይባላል። ያቃጥለዋል።»

ይህን ከማን እንደሰሙት አላውቅም። ምናልባት እዚያው ያሰቡት ይሆናል።

እናቴ ያን ቀን የመጋረጃውን ፊትና ጀርባ አሳስታ ጠርዙን ጨረሰችው። ከዚያ እንደገና ፈታችው። ባለመጋረጃዋ ትቆጣታለች ብላ የፈራች መሰለኝ።

*

ሾፌሩ በቀጣዩ ጉዞው ትራንስፎርመር ይዞ መጣ። እንደ ድንጋይ የከበደ፣ ግራጫ ቀለም የተቀባ። ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው።

«እሱ ነው የላከው። መብራቱን ያስማማል። አሁንስ?»

«እናየዋለን» አሉ አያቴ።

ሾፌሩ ሲወጣ መኪናው ድረስ ተከተልኩት። ጎማውን በእግሩ መታ መታ እያደረገ ጠየቀኝ።

«ሌላ ምን ይላሉ?»

«ቴሌቪዥናችን አሮጌ ስለሆነ ገመዱ አይገባለትም ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«የምን ዓይነት ገመድ?»

ሪሞት የነገረኝን ሁሉ ነገርኩት፤ በጣቴ አፈር ላይ ሥዬ አሳየሁት። ቀጥሎ ሲመጣ ገመዱ መጣ። እኔ የጎደለውን እልካለሁ፣ አባቴ የጎደለውን ይሞላል። በሕይወቴ ከአባቴ ጋር አብሬ የሠራሁት ሥራ ያ ብቻ ነው። እንደ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ነገር የምንጠግን ይመስለኝ ነበር። በልቤ ያላወራሁት፣ ያልነገርኩት ነገር አልነበረም።

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ እየከበደ ሄደ። እያንዳንዱ ሰበብ በተወገደ ቁጥር ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ፊታቸው ይጨልማል። የመኪና ጥሩንባ በተሰማ ቁጥር የእናቴ እግር ፔዳሉ ላይ ይደርቃል። ጥሩንባው አልፎ ሲሄድ ብቻ መልሳ ትረግጠዋለች። ወደ ሱቅ መላኬን ተወች። መንገድ ላይ ስጫወት በየጊዜው በመስኮት ትጠራኛለች።

«አቤት!»

«ምንም። አለህ ወይ ብዬ ነው።»

አንድ ቀን ሳጥኑን በጨርቅ ስወለውል እጄን ያዘችው።

«አንተ ልጅ፣ ምን አለፋህ በዚህ ነገር?»

«ለሁላችንም ነው እኮ እማዬ። አንቺም ታይበታለሽ።»

«እኔ የማየው አላነሰኝም።»

«መብራቱም ተስማምቷል። ገመዱም መጥቷል። ካሴቱም...»

«ዝም በል!» አለች። ጮኻብኝ አታውቅም ነበር። ወዲያው አገጬን ይዛ ሳመችኝ። ዓይኗ ግን ሳጥኑ ላይ ነበር። ቤታችን ውስጥ ማንም ያልነገረኝ አንድ የዕቃው ጥፋት እንዳለ ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። ሌሊት እንደ ሕፃን ወደ አልጋዋ ሄጄ ተኛሁ፤ አላባረረችኝም።

*

ለመጋረጃ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሳጥኑን ያየዋል።

«እስካሁን አልከፈታችሁትም?»

«አልተመቸንም» ትላለች እናቴ።

ከዚያ በላይ ምንም አልተባለም። አስፈላጊም አልነበረም። ተቆጣጣሪው፣ ያውም ለራሳቸው በነጻ የተላከላቸውን፣ ሊነኩት እንኳ አልፈለጉም ተባለ። ትንሹን ሊገዛ የነበረው ፀጉር አስተካካይ ትልቁን ገዝቶ ገባ። ባለዳቦ ቤቱ ተከተለው። ከዚያ ማን ከማን እንደቀደመ አይታወቅም።

እኔ በየቤቱ እየዞርኩ ለምን ትልቁን እንደመረጡ ጠየቅሁ። ፀጉር አስተካካዩ ሥዕሉ ይበልጣል አለኝ፤ አይበልጥም ነበር። ባለዳቦ ቤቱ ትልቅ ነገር አይሰበርም አለ። አንዷ ትንሹ ዓይን ያጠፋል ሲባል ሰምቻለሁ አለች። ሌላው ስሙን አልወደድኩትም አለ። ሁሉም የየራሱ ምክንያት ነበረው፤ ሁሉም አምኖ ነው የሚናገረው። አያትህ ስላልከፈቱት ነው ያለኝ አንድም ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዕቃ ሲመጣና ሲሄድ አይቻለሁ። ሰው የገዛበትን ምክንያት ሲነግረኝ አልከራከርም።

ከዚያ ሪሞት ከወንበሩ ተነሣ። ይህ ራሱ ወሬ ሆነ፤ ሰው በር በሩ ላይ ወጥቶ አየው። እያለከለከ እኛ ቤት ገባና አያቴ ፊት ቆመ።

«አባባ፣ በፈጠረዎት ይዤዎታለሁ፤ ጥፋቱን ይንገሩኝ። ምን አዩበት?»

«ምንም አላየሁበትም።»

«ሥዕሉን አልወደዱትም?»

«ሥዕሉን አላየሁትም።»

«ታዲያ ይክፈቱት! እኔ ራሴ መጥቼ እገጥምልዎታለሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ በሩን ከፍተው፣ ሰው ይየው።»

«አልከፍትም።»

«ሳያዩ ነው እንዴ የፈረዱበት? እርስዎ? ትኬቱን ሳያዩ ሰው ከአውቶቡስ አውርደው ያውቃሉ?»

አያቴ የሸሚዛቸውን ቁልፍ በጣታቸው ያሽከረክሩ ጀመር።

«ሂድ ልጄ» አሉ። «አንተ ምንም አላጠፋህም።»

«እኔ አላጠፋሁም፤ ግን የጠፋሁት እኔ ነኝ እኮ!»

ሪሞት ሲሄድ አያቴ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ሰውዬውን ገደልኩት» አሉ።

«ይንገሩታ አባባ። ምክንያቱን ይስማና ይፍረድብን» አለች እናቴ።

«ለሱ ከተነገረ በማግሥቱ ልጁ ይሰማዋል።»

እኔ በሩ ጀርባ ነበርኩ። ልጁ እንዳይሰማው የተባለው ነገር ምንድን ነው? ዕቃው ልጅ የሚጎዳ መሆን አለበት ብዬ ሳጥኑ አጠገብ ማለፍ ፈራሁ። ተጠግቼ ካለፍኩ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ከዚያን ቀን በኋላ አያቴ የሰው ዕቃ ማየት ተዉ። «አባባ ይዩልኝ» ሲባሉ «ዓይኔ ደክሟል፤ ራስህ እየው» ይላሉ። ዓይናቸው ደህና ነበር። እስኪሞቱ ድረስ ያለ መነጽር ያነቡ ነበር።

*

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ሪሞት ትንንሾቹን ካሴቶች በጆንያ አድርጎ አውጥቶ ጣላቸው። የሰፈር ልጆች ሰበሯቸው፤ ቡናማውን ጥብጣብ መዘው ከዛፍ ወደ መብራት እንጨት፣ ከመብራት እንጨት ወደ አጥር አሰሩት። ነፋስ ሲመጣ ጥብጣቡ ያፏጫል። ሰው የማያየው፣ ሰው የማይሰማው ፊልም መንገዱን ሙሉ ይውለበለብ ነበር።

ልጆቹ ማታ ማታ ያዩትን ጠዋት ያወራሉ። ካሴት ይለዋወጣሉ፤ የባለዳቦ ቤቱ ልጅ ለፀጉር አስተካካዩ ልጅ፣ እሱ ደግሞ ለሌላው። እኔ የምለውጠው የለኝም። ስመጣ ያፏጫሉ።

«ትንሹ መጣ! ትንሹ ካሴት መጣ!»

«እናንተ ቤት ያለው ሞቷል እኮ፣ አልነገሩህም? መቼ ነው የምትቀብሩት?»

መጀመሪያ ተደባደብኩ። ኋላ ተውኩት። ሪሞት እንኳ፣ ልቡ ትንሹ ጋ የነበረው ሰውዬ፣ ጥሎታል። ስለ ትንሹ ካሴት የማውቀውን ሁሉ ማወቄ አሳፈረኝ። ቤት ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለዚያ ዕቃ ያንን ያህል ስሮጥ ያዩኝ ሰዎች ፊት ጠላሁት ማለት ነውር መሰለኝ።

አባቴ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሾፌሩ መኪናውን በራችን ላይ አቆመ፤ ከጎኑ ቀጭን ሰው ወረደ። ከፎቶው ይልቅ አጭር ነበር። ግንባሬን ሳመኝ።

«ግባ» አሉት አያቴ። «ቤትህ ነው።»

ገብቶ የወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ሆና በአንገቷ ብቻ ሰላም አለችው። አባቴ ሳጥኑን አየ። ማሸጊያው እንደነበረ ነው። ትራንስፎርመሩ ከላይ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ ከጎኑ።

«ሁሉም ተሟልቷል አይደል አባቴ?»

«ተሟልቷል።»

«እንግዲያው ወይ ይከፈት፣ ወይ ይዤው ልሂድ። እንደተባባልነው።»

«ሰው ልጁን በዕቃ...» አለች እናቴ። አያቴ እጃቸውን አንሥተው አቋረጧት።

«ልጁን እንጠይቀው» አለ አባቴ። «ዕቃው የሱ ነው። ከሁሉም አብልጦ የሚፈልገው እሱ እንደሆነ ሾፌሩ ነግሮኛል።»

«ልጅ አይጠየቅም።»

«እኔ አባቱ ነኝ። እርስዎ ሲሸሽጉኝ ከርመዋል፤ እሱ ግን አይዋሸኝም።»

አያቴ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ መለሱ። እናቴ ቆማ ነበር፤ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛለች። ፊቷ እንደምትሰፋው ገበር ነጥቷል። እሷ የምታውቀው ከሳጥኑ ጋር የከረመውን ልጅ ነው። «ይከፈት» የሚለውን መልሴን ከኔ በፊት የሰማችው ይመስላት ነበር።

አባቴ ወደሱ አስጠጋኝና ሁለቱንም ትከሻዬን ያዘ።

«ሁሉንም ታውቃለህ አይደል? ምን ማለት እንደሆነ ነግረውሃል?»

«አውቃለሁ» አልኩ። አውቅ ነበር፤ መብራቱን፣ ገመዱን፣ የካሴቱን ርዝመት።

«እንግዲያውስ ንገረኝ። ይከፈት?»

ከውጭ ጥብጣቡ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ልጆቹ መኪናውን ከብበው በመስኮት ያዩናል። እነሱ እያዩ ያ ሳጥን እንዲከፈት አልፈለግሁም።

«አይከፈት» አልኩ። «አልፈልገውም። ይመለስ።»

እናቴ ጠረጴዛውን ለቀቀችው። የአባቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ከበደ።

«ማንም አላስጠናህም?»

«ማንም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ።»

ቀስ ብሎ ለቀቀኝ። ተነሣና ሱሪውን አራገፈ፤ የሚራገፍ ነገር ግን አልነበረበትም።

«እንግዲህ ፍርድ ቤት ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» አለ ለአያቴ። «ዳኛውም ቢሆን የሚጠይቀው እሱኑ ነው።»

ፍርድ ቤት የሚለውን ስሰማ ሻጩን ሊከስ አስቦ የተወው መሰለኝ። ትራንስፎርመሩን ወለሉ ላይ አውርዶ ሳጥኑን በክንዱ አቅፎ አነሣ። ማንም አላገዘውም። ሲወጣ በሩ ጠበበው፤ ጎኑን አዙሮ ወጣ።

ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣ ነው ያሰብኩት። ዋናውን ነገር ሳልነግረው ሊሄድ ነው! ሮጥኩ።

«አባዬ! ትልቁንስ መቼ ታመጣልኛለህ?»

አንድ እግሩ መኪናው ደረጃ ላይ ነበር። ቆመ።

«ምን አልክ?»

«ትልቁን! ሰፈሩ በሙሉ ትልቁን ነው የያዘው እኮ። ትንሹን ማንም የለውም። ለዚያ ነው እንቢ ያልኩህ።»

አባቴ ሳጥኑን መሬት አስቀመጠው። አየኝ። ከዚያ በጭንቅላቴ ላይ አሻግሮ ወደ በሩ አየ። ዞሬ ሳይ እናቴና አያቴ ወጥተው ቆመዋል። ሰምተዋል። ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። እናቴ አፏን በእጇ ጀርባ ይዛለች። አባቴ የትኛውን ዓይነት ቢያመጣልኝ እንደሚሻል የሚያስብ መስሎኝ ጠበቅሁት።

ምንም እንዳልተነገረኝ ያን ጊዜ ገባው። ተመልሶ መግባት ይችል ነበር። ልጁ እኔን እንቢ አላለኝም ማለት ይችል ነበር። እውነትም አላልኩትም። የአያቴ ሰበብ ሁሉ አልቆ ነበር። ይህን እሱም፣ እነሱም ያውቃሉ። ከእኔና ከመኪናው ዙሪያ ከሚያፏጩት ልጆች በቀር ሁሉም ያውቃል።

ቁጢጥ ብሎ ፊቱን ከፊቴ አስተካከለ።

«ትልቁ ነው የሚሻለው?»

«አዎ።»

«ሁሉም ሰው የያዘው?»

«አዎ፣ እንድዋዋስበት።»

«ከነሱ ጋር?» አለ፣ በአገጩ ወደ ልጆቹ እያመለከተ።

«ከነሱ ጋር።»

የሸሚዜን አንገት አስተካከለልኝ። ሲያስተካክል ቆየበት።

«እሺ» አለ። «ሲገኝ አመጣልሃለሁ።»

ሳጥኑን አንሥቶ ወደ ውስጥ ገፋው፤ ተከትሎት ወጣ። ሾፌሩ አንድ ነገር ሲጠይቀው «ምንም አይደለም፣ ንዳ» ሲለው ሰማሁ። መኪናው ሄደ። የመንገዱን ጥብጣብ በጣሪያው በጥሶ እየጎተተ ሄደ።

ወደ በሩ ሮጥኩ።

«እማዬ! ሊያመጣልኝ ነው! ትልቁን!»

እናቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ያዘችኝ። ለስፌት ደረቷ ላይ የሰካቻቸው መርፌዎች ነበሩ፤ ጉንጬን ወጉኝ። ጮኽኩ። አልለቀቀችኝም።